ናፍጣ ናፍጣ የሚል ወተት

መንገድ በደጄ ይለፍልኝ ብሎ የሚለምን ሰው፣ አፍንጫ እንዳለው የረሳ ሰው ነው! አትቆጡኝ፤ ስለ ራሴ ነው የማወራው። የነገሌ ከተማን የመንገድ ማመልከቻ በዚያ በሚመሰገን የእጅ ጽሑፌ የጻፍኩት እኔ ነኝ።

የቦረና ከብት ባሕር ተሻግሮ ሊሸጥ ነው ተባለና መንገዱ ሊሰፋ ሆነ። መሐንዲሶቹ ከከተማው ውጭ ሊያሳልፉት ችካል ተከሉ። ከተማው ተቀየመ! «ምን በደልን? ዕድገት አይቶን እንዳላየ ሊያልፈን?» እኔም የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ አይደለሁ... «የንግዱ በረከት በመካከላችን ያልፍ ዘንድ» ብዬ አሳምሬ ጻፍኩ። ተፈቀደ። በረከቱም በመካከላችን፣ በተለይም በእኔ ደጅ፣ ያልፍ ጀመር። ከብት የጫነው፣ የሜጋ ጨው የጫነው፣ ምንም ያልጫነው ካሚዮን ሁሉ ማለዳ ማለዳ አጥሬ ሥር ቆሞ ሞተሩን ያሞቃል። ነጭ ሸሚዜ ቡኒ ሆነ። ሚስቴ ስታስል «ዕድገት ነው» እላታለሁ። ሳሏ ሲለቃት የምትመልስልኝን እዚህ አልጽፈውም።

ሸሚዙስ ይቅር... ልጃችንስ? ጡት ከጣለች ወዲህ ከአዴ ዳርሚ ወተት በቀር አትቀምስም። አዴ ዳርሚ ከሊበን ገጠር በእግራቸው እየመጡ ደጃችን ጥላ ሥር ወተት የሚሸጡ ሴት ናቸው። የወተት ዕቃቸውን፣ ጮጯቸውን፣ በወይራ ጭስ ያጥናሉ። በእኛ አገር ወተት ሻጭ የምትከበረው በጮጮዋ ጠረን መሆኑን መቼም ታውቃላችሁ።

አንድ ቀን ልጅቷ ወተቱን ተፋችው። ሚስቴ ቀመሰችና፣ «ናፍጣ ናፍጣ ይላል!» አለች።

እኔ ደግሞ ዐሥር ዓመት ነገሌ የኖርኩ ዐዋቂ! «የማጠኛ እንጨት ለውጠው ነው፤ ይለመዳል» አልኩ። ይህንኑ ዕውቀቴን መሥሪያ ቤት አዛመትኩት። በሳምንቱ የአዴ ዳርሚ ደንበኞች አለቁ።

አዴ ዳርሚ መጡብኝ። በቦረና ደንብ ደግሞ ጠብም ቢሆን ሰላምታ ሳያልቅ አይጀመርም።

«አካም! ናጋ?»

«ናጋ፣ አዴ።»

«ከብቱ ናጋ? ልጅቷ ናጋ? ዝናቡ ናጋ?»

ሁሉም ናጋ፣ ሰላም፣ መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ፣ «እንጨት ለወጠች ብለህ ስሜን ያጠፋኸው አንተ ነህ?» አሉ።

«አዴ፣ እኔማ...»

«ዝም በል። ቅመስ።»

ጮጮውን ከፈቱት። ቀመስኩ፤ ወይራ ወይራ የሚል ግሩም ወተት! ወዲያው አጥሬ ሥር የቆመው ካሚዮን ሞተሩን አስነሳና ጥቁር ጭስ አለበሰን። ጮጮውን ሳይከድኑ ጭሱ እስኪገፈፍ ጠበቁ።

«አሁንስ ቅመስ።»

ቀመስኩ... አፈርኩ። እውነቴን ነው፣ ከልቤ አፈርኩ።

«ሁለተኛ በዚህ መንገድ አልመጣም» አሉ።

ልጄ ምን ልትጠጣ ነው? እግራቸው ላይ ልወድቅ ምንም አልቀረኝ። ለምኜ ለምኜ በሁለት ነገር ታረቅን፤ ስማቸውን በየመሥሪያ ቤቱ ዞሬ ላድስ፣ ወተት ሲቀዳም ሞተር ይጥፋ። የሚያስጠፋው ማን ነው? እኔው!

ይኸው ማለዳ ማለዳ እጄን ዘርግቼ መሐል መንገድ እቆማለሁ።

«ጋሼ፣ ምን ነካዎት?» ይላል ሾፌሩ።

«ወተት እየተቀዳ ነው!»

የአገሪቱ የውጭ ንግድ ቀጥ ይላል። ባሕር ሊሻገሩ የተጫኑት ከብቶች ከላይ ሆነው ይመለከቱኛል።

ባለፈው ሳምንት ታዲያ አንድ ግዙፍ ሾፌር ሞተሩን አጥፍቶ ወረደ። ዱላ ነው ብዬ ዐይኔን ጨፈንኩ። እሱ ግን ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ለእኔም ይቀዳልኝ» አለ። «ክብረ መንግሥት ያለችው ልጄ፣ ወተቱ ናፍጣ ናፍጣ ይላል እያለች አልጠጣ ብላኛለች።»

«እናንተም ደጅ ካሚዮን ይቆማል እንዴ?»

«የለም» አለ አቀርቅሮ። «ወተቱን የምወስድላት እኔ ነኝ።»

አዴ ዳርሚ ከላይ እስከ ታች አዩት። ጮጯቸውን ከደኑና፣

«መጀመሪያ ታጥበህ ና» አሉት።