አንድ ቁጥር ለወይዘሮ ተስኒም

[ፒያሳ፣ አሮጌ ፎቅ ላይ ያለች የወይዘሮ ተስኒም የሠርግ ካርድ ማተሚያ ቤት። ጠዋት ሦስት ሰዓት ተኩል። ኢርፋን «የኔትወርክ ባለሙያ ነኝ» ብሎ ለሙከራ ከተቀጠረ ሳምንቱ ነው፤ ጠረጴዛ ሥር ተጋድሞ ገመድ ይጎለጉላል። ጥበቃው ጋሽ ዓምደሚካኤል በአንድ እጃቸው ዱላ፣ በሌላው ኳስ የሚያዩበትን ስልክ ይዘው አናቱ ላይ ቆመዋል። ምክር የጠየቃቸው ግን የለም።]

ዓምደሚካኤል፦ ሴትዮዋ እግረ ደረቅ ናቸው አልኩህ!

ኢርፋን፦ ጋሼ፣ ኢንተርኔት በእግር አይሄድም!

ዓምደሚካኤል፦ ታዲያ ወይዘሮ ተስኒም አራት ሰዓት ሲገቡ ለምን ይጠፋል? ማታ ሲወጡስ ለምን ይመጣል? ሳምንቱን ሙሉ በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ።

ኢርፋን፦ [ብድግ ሲል አናቱን ጠረጴዛው አገኘው] ውይ! እኔ ሦስት ወር ተምሬ ሰርተፊኬት የያዝኩ ሰው ነኝ! ዛሬም ከጠፋ «ነገ እንዳትመጣ» ብለውኛል፤ ግማሽ ሰዓት ቀርቶኝ እርስዎ ስለ እግር ያወሩኛል!

ዓምደሚካኤል፦ እሺ አትቆጣ። ይቺ ብልጭ ድርግም የምትለው ሥራዋ ምንድን ነው?

ኢርፋን፦ [ደረቱን ነፍቶ] ራውተር ትባላለች። የገባው ኮምፒውተር፣ ስልክ፣ ፕሪንተር ሁሉ ቁጥር ያስፈልገዋል፤ በራሷ ጊዜ የምታድለው እሷ ናት። ለአንዱ የሰጠችውን ለሌላው አትደግምም።

ዓምደሚካኤል፦ ተራ አስከባሪ ናታ!

ኢርፋን፦ ኧረ ጋሼ! ከታክሲ ጋር አያገናኙት!

ዓምደሚካኤል፦ ሃያ ዓመት አራት ኪሎ ተራ አስከብሬያለሁ፤ የሙያ ጓዴን አጣታለሁ? ለራሷስ ቁጥር አላት?

ኢርፋን፦ አላት እንጂ። አንድ።

ዓምደሚካኤል፦ ለወይዘሮ ተስኒምስ ስንት ሰጠቻቸው?

ኢርፋን፦ [አንገቱን ሰበር አድርጎ] የእሳቸውን ለማሽን አልተውኩትም። በገባሁ ቀን በገዛ እጄ ሞላሁላቸው። የቤቱ ባለቤት ከሠራተኛ ኋላ ተሰልፈው ቁጥር ይጠብቁ? ነውር አይደለም?

ዓምደሚካኤል፦ ደግ አደረግህ። ስንት አልካቸው?

ኢርፋን፦ አንድ ነዋ! እሳቸው እያሉ ሌላ ማን አንድ ይሆናል?

[ጋሽ ዓምደሚካኤል ራውተሯን አዩ፤ የባለቤቷን ኮምፒውተር አዩ፤ ኢርፋንን አዩ።]

ዓምደሚካኤል፦ እኔ መቼም አልተማርኩም። ተራ አስከባሪዋም አንድ... እሳቸውም አንድ?

ኢርፋን፦ [ድምፁ ቀጥኖ] አ... አዎ።

ዓምደሚካኤል፦ እስቲ እሳቸው ሳይኖሩ ኮምፒውተራቸውን ክፈተው።

[ኢርፋን ከፈተው። ጥቂት ቆይቶ በጋሽ ዓምደሚካኤል ስልክ ላይ ኳሷ አየር ላይ እንዳለች ቀጥ አለች።]

ዓምደሚካኤል፦ የሴትዮዋ እግር ንጹሕ ነው። በሐሜት ኃጢአት አስገባኸኝ!

ኢርፋን፦ ወይ ጉዴ! ሁሉም ኢንተርኔት ፍለጋ ወደ አንድ ሲሄድ እሳቸው ጋ እየደረሰ ነው የሚቀረው!

ዓምደሚካኤል፦ የተራ አስከባሪ ቦታ ለሚኒስትርም አይሰጥም! በል፣ እንደ ሰው ሁሉ ይሰለፉና እሷው ትስጣቸው።

[ኢርፋን የሞላውን አጠፋ፤ ራውተሯም ለኮምፒውተሩ ቁጥር ሰጠች። ኳሷ ወረደች። ጎል አልሆነችም።]

ኢርፋን፦ ሠራ! ሠ... ኧረ ጉድ! አሥራ አራተኛ አደረገቻቸው! ሁለትን ማን ወሰደው? [ዝርዝሩን አይቶ] ጋሼ! የእርስዎ ስልክ ነው! እንዴት ጥበቃ ከባለቤት ይቀድማል?

ዓምደሚካኤል፦ እኔ የምገባው አሥራ ሁለት ሰዓት፣ እሳቸው አራት ሰዓት። ማሽኗ እንዳንተ ማሽቃበጥ አልተማረችም።

[ደረጃው ላይ የወይዘሮ ተስኒም ጫማ ቋ ቋ አለ። ኢርፋን የጋሽ ዓምደሚካኤልን ክንድ ያዘ።]

ኢርፋን፦ ጋሼ፣ በሞቴ! ማን አስተካከለው ካሉ ምን ይላሉ?

ዓምደሚካኤል፦ ኢርፋን እላለኋ።

ኢርፋን፦ እድሜ ይስጥልኝ! ማን አበላሸው ካሉስ?

ዓምደሚካኤል፦ መቼም በስተርጅና አልዋሽም፤ እሱንም ኢርፋን።