ለሥዕል ኤግዚቢሽን የተቆረጠ ጨርቅ

የሥዕል ኤግዚቢሽን በተከፈተበት ከተማ ሁሉ አንድ እትዬ ኢቢዱን አይጠፉም። ከጠፉ ገና አልተከፈተም ማለት ነው። ሥዕል አይገዙም፣ አይሸጡም፣ የሠዓሊውንም ስም አንድ ቀን እንኳ በትክክል ጠርተው አያውቁም። ግን እሳቸው ሳይገቡ ንግግሩን የጀመረ የጋለሪ ባለቤት እኔ ሌጎስ ውስጥ አላየሁም።

ክብርት እትዬ ኢቢዱን የሱሩሌሬ ሰፈር ጎረቤቴ ናቸው። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት አብሬያቸው ጋለሪ እዞራለሁ። መኪና እነዳለሁ፣ ቦርሳ እይዛለሁ፣ በእሳቸው ፋንታም አፍራለሁ።

ችግራቸው ጋለሪና ሰርግ ቤት አለመለየታቸው ነው። አንድ ቀን ኢኮዪ ሰፈር ያለ ትልቅ ጋለሪ ገባን። ግድግዳው ነጭ፣ ቤቱ ጸጥ ያለ፤ ጥቁር የለበሱ ቀጫጭን ሰዎች ብርጭቆ ይዘው ይንሾካሾካሉ። እትዬ በሩ ላይ ቆሙና "ማነው የሞተው?" አሉ፤ እሳቸው ደግሞ መንሾካሾክ አልፈጠረባቸውም። ሌላ ቀን አንድ ወጣት በሺህ የሚቆጠር ባዶ የውሃ ፌስታል ሰፍቶ ከጣሪያ አንጠልጥሏል። ሰው ሁሉ አገጩን ይዞ ያሰላስላል። እትዬ ልጁን ክንዱን ያዙና "ይህን ሁሉ ስትሰፋ ማን ያበላህ ነበር?" አሉት። "ማንም" አለ፤ ዓይኑ እንባ ሞላ። በዚያ ቀን ከተጠየቀው ጥያቄ ሁሉ ቁም ነገር ያለው እሱ ብቻ ነበር፤ ይህን የተረዳሁት ግን ቆይቼ ነው።

ቴኒዮላን ያገኘናት ያባ የሚባል ሰፈር ውስጥ፣ የመጀመሪያ ኤግዚቢሽኗ ሊከፈት ሦስት ሳምንት ሲቀረው ነው። የባንክ ሥራዋን ትታ ሠዓሊ በመሆኗ እናቷ ካኮረፏት ዓመት አልፏል።

"እናትሽ ይመጣሉ?" አሉ እትዬ።

"ካርድ ላክሁላት፤ መልስ የለም። እሷ ካላየችውማ ለማን ብዬ ነው የምሥለው? ወደ ባንኬ እመለሳለሁ።"

እትዬ ከላይ እስከ ታች አዩዋት። እንዲህ ሲያዩ ሁልጊዜ ያስፈሩኛል።

"ጨርቁ ምን ዓይነት ነው?" አሉ።

"የምን ጨርቅ?"

"አሾ ኤቢ ነዋ! ለድግስ ዘመድ ወዳጁ አንድ ዓይነት የሚለብሰው!"

"እትዬ፣ የሥዕል ኤግዚቢሽን እኮ ነው።"

"ታዲያ ራቁታችንን እንምጣ?"

ልጅቷ ሳቋ አመለጣትና "እሺ፣ ብርቱካናማና አመዳማ ይሁን" አለች፤ ለቀልድ። እትዬ ግን በማግስቱ ባሎገን ገበያ ነበሩ።

ቀኑ ደረሰ። አሥራ አራት ሴቶች ብርቱካናማና አመዳማ ለብሰን፣ የጀልባ ሸራ የሚያክል የጌሌ ሻሽ ራሳችን ላይ ጠምጥመን ተግተልትለን ገባን። ጥቁር ለባሾቹ ግድግዳው ላይ ተለጠፉ። አንድ ፈረንጅ የኤግዚቢሽኑ አካል መስለነው ዙሪያችንን ሁለት ጊዜ ዞረና አጠገባችን የተለጠፈ መግለጫ ፈለገ። እኔ ሳቄን ማፈን አቃተኝ።

ቴኒዮላ ግን በሩን በሩን ታያለች። አንድ ሰዓት አለፈ። የጋለሪው ባለቤት ንግግሩን ጨረሰ። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ "በቃ፣ ሰኞ ባንክ እደውላለሁ" አለችኝ።

ይሄኔ በሩ ተበረገደ።

"ማነው!" አሉ አንዲት ዘለግ ያሉ ሴትዮ፣ ቦርሳቸውን እንደ ጋሻ ይዘው። "ማነው እኔ እናትየዋ ሳላውቅ ለልጄ ጨርቅ ያስቆረጠው?"

ቴኒዮላ "እማ" አለች።

"ቤተ ክርስቲያን ቁጭ ባልኩበት ማማ ዱኒ ዞር ብላ 'እስካሁን አላሰፋሽም?' ትለኛለች! ለምኑ ስላት 'ለልጅሽ ድግስ ነዋ!' አገር ምድሩ ለብሶ እኔ የወለድኳት ዕርቃኔን! እንዲህ የተዋረደ እናት አለ?"

ሌጎስ ውስጥ ልጅን ዓመት ማኩረፍ ይቻላል። በልጅ ድግስ ላይ ጨርቁን ሳይለብሱ መገኘት ግን ከሰው ተራ መውጣት ነው።

ማማ ዱኒ ከአሥራ አራታችን አንዷ ነበሩ፤ ጣሪያውን ያያሉ። ወደ እትዬ ጠጋ አልኩ።

"እትዬ፣ ጨርቁን እናትየዋ የሚሄዱበት ቤተ ክርስቲያን ድረስ ወስደው ነው ያደሉት?"

"አርባ ዓመት ያዋለድኩ ሴት ነኝ" አሉኝ። "አንዳንዷ ካልተናደደች አትገፋም።"

ከዚያም ከያዝኩላቸው ቦርሳ የታጠፈ ጨርቅ አውጥተው "ይኸው የእናት ድርሻ" እያሉ ጨርቁን በሴትዮዋ ወገብ ዙሪያ ጠመጠሙት። ሴትዮዋ ሳያቋርጡ እየተቆጡ ጌሌው እንዲታሰርላቸው አንገታቸውን ቀና አደረጉ። ቀና ሲሉ ነው ትልቁን ሥዕል ያዩት፤ ጀርባዋን ሰጥታ የተቀመጠች ሴት።

"ይህች ማናት?"

"አንቺ ነሽ።"

"ለምን ከጀርባ?"

"ፊትሽን ከነሳሽኝ ቆየሽ እኮ፣ እማ።"

እትዬ ኢቢዱን እንኳ ጌሌውን ማሰር ተዉ! እናትየዋ ሥዕሉን ብዙ ካዩ በኋላ ወደ ልጃቸው ዞሩ።

"በይ ፊቴን እይው። ሰኞ መጥቼ እቀመጥልሻለሁ። አፍንጫዬን ካሰፋሽው ግን ወዮልሽ!"

ቴኒዮላ እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች መለየት አልቻልኩም። ፎቶ አንሺው መጣና "ቤተሰብ ብቻ! ሌላው ዞር በሉ!" ብሎ ጮኸ። እኔም ሰው ነኝ፣ ሥርዓት አውቃለሁ፤ ዞር ማለት ጀመርኩ። እትዬ እጅጌዬን ጨምድደው ያዙኝ።

"ወዴት ነው? ለብሰሽ የለ እንዴ!"

ፎቶው ዛሬ ሳሎኔ ተሰቅሏል። እንግዳ መጥቶ "እነዚህ ሁሉ ዘመዶችሽ ናቸው?" ሲለኝ፣ ከጌሌው ሥር አፋቸውን ከፍተው የሚስቁትን እትዬን በጣቴ አሳይና "በእሳቸው በኩል" እላለሁ።