ጂን ቆራጩ ደመላሽ

(ደብረ ማርቆስ፤ የአንድ ቤተ ሙከራ ዕቃ ግምጃ ቤት። ደመላሽ የማስተርስ ተማሪ ነው፤ ዛሬ የደረሰውን ይህን ፖስታ አዝዞ ሦስት ወር ሙሉ ጠብቋል። ፎቅ ላይ በስንት ልፋት ያሳደጋቸው የሰው ሴሎች ደርሰውለታል፤ ከነሱ ሌላ የለውም። የግምጃ ቤቷ ኃላፊ ወለላ ከፖስታው የወጣች ጣት የማታክል ብልቃጥ ወደ መስኮቱ አንስታ ታያለች።)

ወለላ፦ ባዶ ነው ስልህ! ባዶ ዕቃ አላስረክብም።

ደመላሽ፦ ሙሉ ነው እትዬ ወለላ! ደርቆ ነው የሚመጣው፤ ከሥሩ ተጣብቋል። በዓይን አይታይም።

ወለላ፦ የማይታየውን ምን ብዬ ልመዝግበው?

ደመላሽ፦ «ፕላዝሚድ፣ አንድ» ይበሉ። የሰው ጂን ላጠፋበት ነው።

ወለላ፦ (ታማትባለች) በስመ አብ! ጅን አለብህ እንዴ? ታዲያ ጠበል አትሄድም?

ደመላሽ፦ የጋኔኑ አይደለም! ጂን... ከእናት ካባት የምንወርሰው።

ወለላ፦ የተወረሰውማ የባሰ ነው፤ ቶሎ አይለቅም።

ደመላሽ፦ (ጥርሱን ነክሶ፣ ለሕፃን እንደሚያስረዳ) ያዳምጡኝ። ሴል ውስጥ ረጅም ጽሑፍ አለ። እኔ ከዚያ አንዲት ቦታ መቁረጥ እፈልጋለሁ። መቀስ አለኝ፤ መቀሱ ግን ዕውር ነው። እጁን ይዞ የሚወስደው መሪ ያስፈልገዋል።

ወለላ፦ መቀስም መሪም፣ ሁለቱም እዚህች ውስጥ?

ደመላሽ፦ አሠራራቸው ነው ፕላዝሚዱ ላይ የተጻፈው። ሴሉ አንብቦ ራሱ ይሠራቸዋል።

ወለላ፦ የሚቆረጥበትን መቀስ ራሱ? ምን ዓይነቱ ቂል ነው!

ደመላሽ፦ ሳይንስ ነው!

ወለላ፦ ለመሆኑ ሴሉ የማን ነው?

ደመላሽ፦ የሰው።

ወለላ፦ የሰው መሆኑንማ ሰማሁ። ባለቤቱ ያውቃል?

ደመላሽ፦ ኧረ እትዬ፣ ይፈርሙልኝ!

ወለላ፦ መሪውስ መንገድ ቢስት?

ደመላሽ፦ አይስትም! ሃያ ፊደል ይዟል፤ ፊደሉ ከጂኑ ጋር ካልገጠመ መቀሱ ምንም አይቆርጥም። (ደረቱን ነፍቶ) ደግሞም ከሻጩ ዝርዝር ውስጥ የመረጥኩት ራሴ ነኝ።

ወለላ፦ እሺ፣ የምን ጂን ልበል? ቅጹ ይጠይቃል።

ደመላሽ፦ የሰው! ስንቴ ልንገርዎ? አብሮት ከመጣው ወረቀት ይገልብጡት።

ወለላ፦ (በጣቷ እየተከተለች) እንግሊዝኛው ብዙም አይገባኝ፤ ፊደሉን ግን አውቃለሁ። ኤም... ኦ... ዩ... ኤስ... ኢ። ሰው እንዲህ ነው የሚጻፈው?

(ደመላሽ ወረቀቱን ይነጥቃታል። ያነባል። ይገለብጠዋል፤ ጀርባው ምንም የለበትም። ካርቶን ላይ ዘፍ ይላል።)

ደመላሽ፦ ማውስ... አይጥ። ለአይጥ የተሠራ ነው።

ወለላ፦ ታዲያ የሰው ሴል ላይ ብትጨምረውስ?

ደመላሽ፦ ቦታውን አያገኘውም። ያሉኝን ሴሎች በከንቱ እጨርስ ነበር።

ወለላ፦ ለመሆኑ የትኛው ደንቆሮ ነው እንዲህ አድርጎ ያዘዘው?

(የደመላሽ ስልክ ይጮኻል፤ አማካሪው ናቸው።)

ደመላሽ፦ አቤት ዶክተር... ደርሷል... አልጀመርኩም። መብራትማ አለ። የግምጃ ቤቷ ኃላፊ አንብበው ለአይጥ መሆኑን ደረሱበት... አዎ፣ ያዘዝኩት እኔ ነኝ... እሳቸውን? (ስልኩን በመዳፉ ሸፍኖ፣ አንገቱን ደፍቶ) እትዬ፣ ዶክተሩ «ከእንግዲህ የምታዘውን ሁሉ እሳቸው ሳያነቡት እንዳትልክ» አሉኝ። አዲሱን ማዘዣ ያነቡልኛል?

ወለላ፦ አምጣ፣ ላንብብ። አንተም አጠገቤ ተቀመጥ፤ ያልገባህ ነገር ካለ ጠይቀኝ፣ አትፈር።