የባልየው ምርመራ

በእኛ ከተማ፣ በቦንጋ፣ ሴት ስትታመም የምትታመመው እሷ ናት፤ ሕመሙን የሚናገረው ግን ባሏ ነው። ልብ ብላችሁ ከሆነ፣ ሐኪሙ ወደ ሚስት ዞሮ «የት ጋ ነው የሚያምሽ?» ሲል ባል «ወገቧን» ይላል። «ከመቼ ጀምሮ?» ሲል «ከማክሰኞ»። እሷ አፏን የምትከፍተው ምላስሽን አውጪ ስትባል ብቻ ነው።

ይህን የማውቀው ክሊኒክ ስለማዘወትር ነው። ደም ግፊቴን ካልተለካሁ እንቅልፍ አይወስደኝም፤ ደህና ነው ሲሉኝ ደግሞ መሣሪያው ተበላሽቶ እንዳይሆን እሰጋለሁ። እናም ከገበያው በላይ ባለችው የግል ክሊኒክ፣ ለምርመራ ክፍሉ በር ቀረብ ብዬ አግዳሚው ላይ ስቀመጥ ብዙ እሰማለሁ። እናንተስ ብትሆኑ ጆሯችሁን አውልቃችሁ አትገቡ!

አንድ የክረምት ጠዋት ጎረቤቴ አስካለ ክንዷን በነጠላዋ ደግፋ ገባች። ከኋላዋ ባሏ አሰፋ። አሰፋ የቀበሌያችን ሊቀመንበር ነበር። በዕድሜ ልጄ ይሆናል፤ እኔ ግን ጠንቃቃ ሰው ስለሆንኩ «እርስዎ» ነው የምለው። ባሏ የመታት ሴት አቤት የምትለው ቀበሌ ነው። አስካለ ቀበሌ ብትሄድ ጠረጴዛው ላይ የምታገኘው ማንን ነው? አሰፋን።

«ምን ሆነሽ ነው?» አለ ዶክተሩ።

«ወድቃ ነው» አለ አሰፋ። «ጭቃውን ታውቀው የለ፣ ዶክተር!»

ጭቃውንማ ሁላችንም እንረግጠዋለን። በዚያ ክረምት ግን የሚጥለው አስካለን ብቻ ነበር፤ ያውም አንዳንዴ በዓይኗ።

ዶክተሩ «ለብቻዋ ላያት፣ ውጭ ይጠብቁን» ቢለው፣ «ባሏ አይደለሁም እንዴ? ከእኔ የምትደብቀው ምን አላት?» ብሎ ወንበሩን ወደ እሷ ጠጋ አደረገ። ዶክተሩ ወጣት ነው፣ ከሌላ አገር የመጣ፤ ሊቀመንበር ሊያስወጣ አልደፈረም። የደፈረችው ነርሷ፣ ሲስተር ታደለች ናት።

«አቶ አሰፋ፣ እርስዎስ ከስተው የለም እንዴ? ሆድዎ ደህና ነው?»

እናንተዬ፣ የሰውን ሕመም በልበ ሙሉነት ሲናገር የነበረ ሰው ስለ ራሱ ሲጠየቅ ፊቱ እንዴት ይለዋወጣል! «አልፎ አልፎ ይቆርጠኛል» አለ በቀጭን ድምፅ። ሲስተር ትንሿን የሰገራ ዕቃ አስጨበጠችው። በእኛ አገር ክሊኒክ ገብቶ ሰገራ ሳይሰጥ የወጣ ሰው፣ ጥርሱን አሞት የመጣ እንኳ ቢሆን፣ የታከመ አይመስለውም። አሰፋ እየተጣደፈ ወደ ጓሮ ሄደ። የምርመራ ክፍሉ በር ተዘጋ።

ምን ዋጋ አለው፣ ወዲያው ተመለሰ። ዕቃው ባዶ ነው።

«እምቢ አለኝ» አለኝ፣ እጁን ወደ በሩ እየሰደደ።

ከውስጥ የአስካለ ድምፅ ይሰማል። ግድግዳ ለግድግዳ ስንኖር ጩኸቷን እንጂ ንግግሯን ሰምቼ አላውቅም ነበር። ቀስ እያለች፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ ለዶክተሩ ትነግረው ነበር። «ሺሺንዳ ከተማ ወንድም አለኝ፤ ዛሬ ብደርስ ይቀበለኛል» ስትል ሰማሁ፤ አሰፋ ሐሳቡ ባዶው ዕቃ ላይ ስለነበር አልሰማም። አሰፋ በሩን ገፋ ቢያደርግ ሁሉም ነገር እዚያው ያበቃል። ማታ ቤቷ ስትገባ ምን እንደሚጠብቃት ደግሞ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም።

እኔ ፈሪ ነኝ። ስለ ሰገራ ግን ብዙ አውቃለሁ። ብድግ ብዬ ክንዱን ያዝኩት።

«አቶ አሰፋ፣ ባዶውን ከመለሱማ መርፌ ነው የሚያዙልዎት! ለብ ያለ ውሃ ይጠጡ፤ ከዚያ ቁጢጥ ብለው ሐሳብዎን ሁሉ መጣል ነው።»

«እርግጠኛ ነህ ጋሼ?»

«እኔን አይቶ የሚጠራጠር አለ?»

ወስጄ ሽንት ቤት አስገባሁት። የቆርቆሮውን በር በጀርባዬ ተደግፌ «አይዞዎት፣ አይቸኩሉ» እያልኩ ላብ አጠመቀኝ። ከውስጥ ሊቀመንበሩ ያምጣል፤ ከውጭ እኔ። በአጥሩ ክፍተት ሲስተር አስካለን ባጃጅ ውስጥ ስታስገባት አየሁ። ባጃጁ ወደ መናኸሪያ ታጠፈ።

አሰፋ ዕቃውን እንደ ዋንጫ ከፍ አድርጎ ወጣ።

«ሚስቴ የታለች?»

«ክንዷ ታስሮላት ሄደች» አለች ሲስተር። «እርስዎ ግን ውጤቱን ሳይሰሙ እንዳይሄዱ። አሜባ እኮ ጉበት ድረስ ይዘልቃል።»

አሰፋ የውጭውን በር አየ። ማይክሮስኮፑን አየ። ተቀመጠ።

አሜባው እውነትም ተገኘበት። ክኒኑን ጨርሶ ሺሺንዳ ሲደርስ የአስካለ ወንድም ከሽማግሌዎች ጋር ጠበቀው፤ ብቻውን ተመለሰ። ፍርድ ቤት አፋታቸው። እሷ እዚያው ገበያ ትነግዳለች፤ ጭቃውም ከዚያ ወዲህ ጥሏት አያውቅም።

አሰፋ እስካሁን ልቧን ያሸፈተው ወንድሟ ይመስለዋል። ክሊኒኩንማ በየስብሰባው ያመሰግናል። መንገድ ላይ ባገኘኝ ቁጥር ደግሞ እጄን በሁለት እጁ ይዞ «ጋሼ፣ ያን ቀን አብረኸኝ ባትቆም አሜባው ጨርሶኝ ነበር» ይለኛል።

«ምንም አይደል» እለዋለሁ። ጎረቤት ለዚህ ካልሆነ ለምን ይሆናል?