ኮምፒውተርና ሒሳብ በአንድ ጋዋን

ትናንት መምህር ደምመላሽ ሕልም አየ። ማታ አልጋው ላይ እንዳይመስላችሁ! በጠራራ ፀሐይ፣ ከምሳ በኋላ፣ የዩኒቨርሲቲው ሴኔት ተሰብስቦ ሳለ ነው ያየው። ያውም የራሱ አጀንዳ ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው። ሰው የሞት የሽረት ጉዳዩ ፊት እንዴት ያንቀላፋል ብላችሁ አትፍረዱበት። ሙቀቱ የቆላ ሙቀት ነው፤ ጣሪያው ላይ የሚዞረው ማራገቢያ እሹሩሩ የሚል ይመስላል፤ የምሳው ጥብስ ገና ከሆድ አልወረደም። የተያዘው አጀንዳ ደግሞ የመኪና ማቆሚያው ጥላ በቆርቆሮ ይሠራ ወይስ በሸራ የሚል ነበር። እንኳን እሱ፣ አቅራቢው ሰውዬ ራሱ በመሀል ሲያዛጋ ታይቷል።

የሞት የሽረት ያልኩት ያለነገር አይደለም። ደምመላሽ የሒሳብ ትምህርት ክፍል ኃላፊ ነው። ኃላፊ ይባል እንጂ የሚያስተምረው ተማሪ የለውም። ልጆቹ ሒሳብ ሲባሉ ኮሶ እንደጠጣ ሰው ፊታቸውን ያጨማድዳሉ፤ ወድዶና ፈቅዶ የመረጠው ልጅ ከታየ ዓመታት አልፈዋል። «ተማሪ ካላመጣችሁ ክፍሉ ይዘጋል» ተብሎ ቁርጡ ተነግሮታል። ሰውየው ደግሞ ከሒሳብ ሌላ ወዳጅ የለውም ማለት ይቻላል። ሲጨንቀው ጊዜ በአንድ ወቅት ተማሪው ወደነበረችው ወደ ኮምፒውተር ትምህርት ክፍል ኃላፊዋ ወደ ዶክተር ወይንሸት ሄደና «ልጄ፣ አንቺ ጋ ልጆቹ በር ሰብረው ይገባሉ፤ እኔ ጋ በሩ ሸረሪት አድርቶበታል። ለምን አንድ ላይ አንሆንም?» አላት። ሁለት ዓመት ሙሉ ኮርስ ሲያዋቅሩ፣ ሲያፈርሱ፣ እንደገና ሲያዋቅሩ ከረሙ። የኮምፒውተርና የሒሳብ ጥምር ዲግሪ! ይህ ከጸደቀ የሒሳብ ክፍል ነፍስ ይዘራል፤ ካልጸደቀ አለቀለት።

ወይንሸት አጠገቡ ነበረች። «ጋሼ፣ ደረስን እኮ» ብላ በክርኗ ጎሸም አደረገችው። «እሺ እሺ» አለና ዓይኑን ለአፍታ ከደን አደረገ። ፀሐይ ስለሚያስለቅሰው ጥቁር መነጽር አድርጎ ስለነበር ማንም ልብ አላለውም።

ዓይኑን ከመክደኑ ራሱን ግቢው በር ላይ አገኘው። ጥበቃው ቦርሳውን አላየም፤ ኪሱንም አልነካም። በቀጥታ ግንባሩን መዳበስ ጀመረ።

«እዚህ ውስጥ ምን ይዘሃል?»

«ምንም። ትንሽ ካልኩለስ ነው።»

«እሱን ይዞ መግባት ክልክል ነው። እዚህ አስቀምጥና ግባ፤ ስትወጣ ትወስዳለህ።»

«ለስብሰባ እኮ ነው የምገባው!»

«ለስብሰባ ከሆነማ ጭራሽ!»

ምን ያድርግ፣ አስረከበ። ጥበቃው ካልኩለሱን ተቀብሎ ከተያዙት ሞባይሎች ጎን ሰደረው። ደምመላሽ ራሱ ቅልል ብሎት ገባ፤ ነገር ግን ዕድሜ ልኩን የተመላለሰበትን መንገድ አጣው። ዛፎቹ ሥሮቻቸውን ወደ ፀሐይ ዘርግተው ቅጠላቸውን አፈር ውስጥ ቀብረዋል። ዲኖቹ ሣር ያጠጣሉ፤ ሣሩ ደግሞ ያዛቸዋል። ወይ ጉድ እያለ አለፈ።

ሜዳው ላይ እልልታ ቀልጧል። ምርቃት ነው። ልጆቹ ጋዋን ለብሰው፣ አበባ ታቅፈው ፎቶ ይነሣሉ። ደምመላሽ ምርቃት ይወዳል፤ ሆዱ ራርቶ አንዱን ጎረምሳ ጠጋ አለና ጨበጠው።

«እንኳን ደስ ያለህ! በምን ተመረቅህ?»

«በኮምፒውተርና በሒሳብ ጥምር ዲግሪ።»

ልቡ ድው አለች። «እሱ እኮ ገና አልጸደቀም!»

«እናውቃለን ጋሼ» አለ ልጁ፣ ቆቡን እያስተካከለ። «ተመርቀናል፤ ሥራም ይዘናል፤ ትምህርቱ ብቻ ነው የቀረን። ኧረ ቶሎ በሉና አጽድቁልን፣ እንጀምር!»

ይህን ሲል የልጁ እናት ነጠላቸውን አደግድገው ሲንደረደሩ መጡ።

«አንተ ነህ ልጄን የምታስተምረው?»

«ከጸደቀ፣ አዎ እናቴ።»

«ምነው ሸዋ! ስንት ደክሜ ያስመረቅሁትን ልጅ፣ ልታስተምርብኝ? ምን በደልኩህ?» ብለው እዬዬ አሉ። ዘመድ አዝማድ ተሰበሰበ። አንዱ ፎጣ አቀበላቸው፤ ሌላው ደምመላሽን ከላይ እስከ ታች በክፉ ዓይን አየው። ደምመላሽ ግራ ገባው። ምን ብሎ እንደሚያጽናና ቢጨንቀው «ትንሽ ነው የማስተምረው እናቴ፤ ብዙ አይጎዳውም» አላቸው። እሳቸውም ትንሽ ተረጋጉ።

«ምደባ በዚህ በኩል!» የሚል ድምፅ ተሰማና ከሜዳው ወጥቶ ሰልፍ ውስጥ ገባ። የተሰለፉት መምህራን ናቸው። ፕሮፌሰሮቹ ሳይቀሩ ፀጉራቸውን አበጥረው፣ ጥፍራቸውን ቆርጠው፣ እየተንቀጠቀጡ ተራ ይጠብቃሉ። ከሰልፉ ጫፍ ጠረጴዛ ኋላ አንዲት ልጅ ተቀምጣ ቆሎ ትቆረጥማለች። በአገሩ የቀረችው ተማሪ እሷ ብቻ ናት አሉ፤ መምህራኑን የምትመርጠውም እሷ ናት።

«ቀጥል! አንተስ ምንድን ነህ?»

«ሒሳብ» አለ ደምመላሽ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ሰልፉ በሙሉ ከት ብሎ ሳቀ። «አይ ድፍረት!» አለ ከኋላው የሕግ መምህሩ። ልጅቷ ግን አልሳቀችም፤ ቆሎዋን ከጥርሷ እያወጣች አዘነችለት።

«ለብቻህማ አልመርጥህም። ከማን ጋር ትመጣለህ?»

«ከኮምፒውተር ጋር።»

«እስቲ ልበሱና ልያችሁ።»

ከየት መጣች ሳይባል ወይንሸት አጠገቡ ቆማለች። አንድ ሰፊ ጋዋን ከላይ ወርዶ ሁለቱንም ዋጣቸው። በአንዱ አንገትጌ ሁለት ራስ ወጣ። ግራ እጅጌው የሷ ሆነ፤ ቀኙ የሱ።

«ጋሼ፣ በዚህ በኩል ነው የሚኬደው» አለች።

«በዚያ እንጂ! መጀመሪያ እኔ ልለፍ፤ ያለ እኔ የሚገባሽ ነገር የለም።»

«እርስዎም ያለ እኔ የሚገባልዎ ተማሪ የለም። ብቻ ክርንዎን ከጎኔ ያንሡልኝ፣ ሞትኩ እኮ!»

እሷ ስትራመድ እሱ ይቆማል፤ እሱ ሲራመድ እሷ ትጎተታለች። እዚያው ሲሽከረከሩ ቆዩ። ልጅቷ አገጯን ይዛ አየቻቸውና «ጥሩ ናችሁ። ምንም አልገባኝም። ሴኔት ሄዳችሁ አጽድቁት» ብላ ወደ ቆሎዋ ተመለሰች።

ሴኔቱ ውስጥ ሲገቡ ደምመላሽ ቀጥ ብሎ ቀረ። በየወንበሩ የተቀመጡት አባ ኮዳዎች ናቸው! ያ ሐይቅ ዳር የዓሣ አንጀት የሚለቅመው መላጣ ወፍ፣ እሱ ራሱ፣ ክራባት አስሮ ተኮፍሷል። ኮምፒውተሮቹ ሻይ ይጠጣሉ፤ ሰዎቹ ከጠረጴዛው ሥር ሶኬት ላይ ተሰክተው ኃይል ይሞላሉ። ደምመላሽ ይህን ሁሉ ዋጥ አድርጎ እጅ ነሣ። ጋዋኑ ውስጥ አብረው ስለሆኑ ወይንሸትም ሳትወድ እጅ ነሣች።

ሊቀመንበሩ አባ ኮዳ ጉሮሮአቸውን ጠረጉ። «የዚህ ቤት ደንብ አንድ ነው። ለማንም ያልገባ ትምህርት ይጸድቃል። ለአንድ ሰው እንኳ ከገባ ግን ይወድቃል። በል አስረዳ።»

ደምመላሽ ደስ አለው! እሱ ሒሳብ አስረድቶ ለማን ገብቶ ያውቃል? ዕድሜውን በሙሉ ያፈዘዘው፣ ያስዛጋው ሕዝብ ስንት ነው! ይሄማ ያለቀ ነገር ነው ብሎ እጁን እያወናጨፈ ጀመረ። ካልኩለሱ በር ላይ ስለቀረ ምን እንደሚናገር ራሱም አላወቀም፤ አፉ የመጣለትን ለቀቀው።

«ክቡራን፣ ቁጥር አያልቅም። ብትቆጥሩ፣ ብትቆጥሩ፣ ልጆቻችሁ ቢቀጥሉበትም አያልቅም። ኮምፒውተር ግን ያልቃል፤ ሳጥን ነው። ታዲያ ይሄን የማያልቅ ነገር በዚያች ትንሽ ሳጥን እንዴት አድርገን እናስቀምጠው? አንዱ ብቻውን አይችለውም። ሁለታችን የተጣመርነው ለዚህ ነው።»

ከኋላ ወንበር አንድ ለጋ አባ ኮዳ ብድግ ብሎ ክንፉን ዘረጋ። እንባው በምንቃሩ ላይ ይወርዳል።

«ገባኝ!» አለ።

ምድር ቀውጢ ሆነች። «ማነው የገባው?» «ኧረ አስቀምጡት!» «ውሃ አምጡ፣ ውሃ!» አንዱ በአንዱ ላይ ተንጋጋ። ደምመላሽ ግን ጩኸቱን አልሰማም። እሱም እንባው መጥቷል። ስንት ዓመት ሙሉ ጠመኔ ሲፈጭ፣ ከአንድ ልጅ አፍ ይችን ቃል ለመስማት ሲናፍቅ የኖረ ሰው ነው። «የቱ ጋ ነው የገባህ? እስቲ ንገረኝ፣ የቱ ጋ?» እያለ ሊያቅፈው ተንደረደረ፤ ጋዋኑ አስቀረው።

«ጋሼ፣ ምን አደረጉ?» አለች ወይንሸት፣ እጅጌውን እየጎተተች። «ለምን አስረዷቸው?»

«ሳላስበው እኮ ነው!» አለ። ደስታውና ድንጋጤው ተደባልቆበት ይስቅ ያልቅስ አላወቀም።

ሊቀመንበሩ ጠረጴዛውን በምንቃራቸው ጠቀጠቁ። «ዝምታ! ለዚህ ምስኪን የገባው ሒሳቡ ነው። ስለዚህ ሒሳቡ ይውጣ፤ ኮምፒውተሩ ብቻውን ይለፍ። የሒሳብ ክፍሉም ይዘጋ። ትስማማለህ?»

«አልስማማም!» ሊል አፉን ከፈተ። ድምፅ የለም። እንደገና ከፈተ። አየር ብቻ ወጣ። አባ ኮዳዎቹ አንገታቸውን አስግገው ይጠብቃሉ። ክፍሉ፣ ባዶ ወንበሮቹ፣ ግድግዳው ላይ ለማንም ያልጠቀመው ሰሌዳ፣ ሁሉም በዓይኑ ላይ ዞረበት።

ወይንሸት ወደ ጆሮው ተጠጋች። «ጋሼ፣ እዚህ አገር ሁሉ ነገር ተገልብጧል እኮ። እምቢ የሚባለው ራስን ወደ ላይና ወደ ታች በመነቅነቅ ነው። ይነቅንቁ! ቶሎ ይነቅንቁ!»

ነቀነቀ። እምቢ! አሁንም ነቀነቀ። ክፍሌን አላዘጋም! አገጩ ደረቱን እስኪመታ፣ ማጅራቱ እስኪቀጭ ነቀነቀ። እምቢ አልኩ፣ እምቢ! እንዲህ ያለ ወኔ ከየት እንደመጣለት እንጃ። አባ ኮዳዎቹ ምንቃራቸውን ማጋጨት ጀመሩ፤ ቀጭ ቀጭ፣ ቀጭ ቀጭ። አሸነፍኳቸው አለ በልቡ። ድምፁ እየበዛ፣ እየደመቀ መጣና ነቃ።

ጭብጨባ ነው። አዳራሹ በሙሉ ወደሱ ዞሮ ያጨበጭባል። የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ሳይቀሩ ተነሥተው ፈገግ ብለውለታል። ጸደቀ! ደምመላሽ በደስታ የሚሆነውን አጣ፤ እሱም ብድግ ብሎ ያጨበጭብ ጀመር። ወደ ግራ እጅ ነሣ፤ ወደ ቀኝ እጅ ነሣ። ከዚያ ወደ ወይንሸት ጎንበስ አለ።

«ጸደቀ አይደል?»

ወይንሸት አላጨበጨበችም። ዓይኗ ቀልቷል።

«ጸድቋል» አለች። «የኮምፒውተሩ ብቻ።»

«የኮምፒውተሩ ብቻ ማለት?»

«ጋሼ፣ እየቀለዱብኝ ነው? ሒሳቡ ልጆቹን ያሸሽብናል፣ ይውጣ፣ ክፍሉም ይዘጋ አሉ። እኔ ቆሜ የአንገቴ ሥር እስኪገታተር ተከራከርኩ። በኋላ ‹ባለቤቱስ ይስማማሉ?› ብለው እርስዎን ጠየቁ።»

«እኔ ምን አልኩ?»

«ምን ይሉ! ራስዎን ነቀነቁልኛ! ደግሞ አንዴ ቢሆን ደግ፤ አገጭዎ ደረትዎን እስኪመታ! ከዚያ ወዲያ እኔ ምን አፍ አለኝ?» አለች። ፊቷንም አዞረች።

ጭብጨባው በረደ። ፕሬዚዳንቱ ድምፅ ማጉያውን ሳብ አደረጉ።

«መምህር ደምመላሽ፣ በዚህ ቤት እንዲህ ያለ ቅንነት አይቼ አላውቅም። የገዛ ክፍሉን ለለውጥ አሳልፎ የሚሰጥ ሰው ከየት ይገኛል? እናመሰግናለን። ከማለፋችን በፊት የሚሉን ነገር ይኖራል?»

ደምመላሽ አፉን ከፈተ። ምላሱ ከላንቃው ጋር ተጣብቋል፤ ድምፅ እምቢ አለው። ጨነቀው፤ ራሱን ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፣ መነጽሩ ከአፍንጫው ላይ እስኪወረወር ድረስ በኃይል ወዘወዘ።

«የሚሉት የለም» አሉ ፕሬዚዳንቱ። «ወደሚቀጥለው አጀንዳ እንለፍ።»