ነፋስ የማያልፍበት ሰፈር

ነፋስ በየት በኩል እንደሚያልፍ የሚያውቅ አናጢ ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔስ ገጥሞኛል። የግንባታ ደንቡ የጣራው እንጨት ከግድግዳው ጋር በብረት ይታሰር ይላል፤ የምናሠራው ቤት ፕላንም ላይ አለ። አናጢያችን ግን፣ «እትዬ፣ የጣና ነፋስ በዚህ ሰፈር አያልፍም፤ ምስማር ይበቃል» አለኝ። ማን ነገረው? ነፋሱ ራሱ? ጠረጠርሁ።

አንድ ቀን ከሥራ ቀርቶብኝ ልጠራው ቤቱ ሄድሁ። ከኛ አራት ቤት አለፍ ብሎ ነው። ጣራው ዙሪያውን በብረት ታስሯል፤ እሱም አልበቃ ብሎ ቆርቆሮው ላይ ድንጋይ ተደርድሯል።

«ወንድሜ፣ ይህ ሁሉ ለምንድን ነው?»

«እንዴ እትዬ! ልጆች ይተኙበታል እኮ!»

በማግስቱ መሰላሉን ይዞ ሲመጣ ሦስቱን ልጆቼን በር ላይ አሰልፌ ጠበቅሁት።

«ተዋወቃቸው» አልሁት።