አራሷ ውሻና የጾም ወተት

እኛ ጋይንቶች ለአራስ ያለን አክብሮት ለጉድ ነው። «የአራስ መቃብሯ እስከ አርባ ቀን አይከደንም» እያልን ገንፎውን በቅቤ እናጥለቀልቃለን፤ ዶሮው ይታረዳል፤ ባል እንኳ በዚያ ሰሞን ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይናገራል። የተቆጣ ሰው ስናይም «አራስ ነብር» እንላለን፤ ነብሯ ሳትቀር የአራስነት ማዕርግ አላት ማለት ነው። አራስ ውሻ ሲባልስ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አልሰማሁም ነበር።

መከታ የምትባል ውሻ ነበረችን። ጅብ በረታችን አጠገብ ዝር የማይለው በእሷ ነው። በጃንሆይ ዘመን፣ አንድ ዓመት ሁዳዴ እንደ ገባ፣ ከጭድ ክምሩ ሥር አምስት ቡችሎች ወለደች። ቤቱ ጾመኛ ነውና መከታም ሽሮ የነካው የእንጀራ ፍርፋሪ ስትለቅም ሰነበተች። ቡችሎቹ ሲወፍሩ የእሷ ጎድን ከሩቅ ይታይ ጀመር።

ባለቤቴ ጥሩዬ አላስችል አላት። «ኧረ ይቺ እኮ አራስ ናት! ላሚቱ ትታለባለች፣ ወተቱን የሚጠጣው የለ፤ አንድ ዋንጫ ብሰጣት ምን አለበት?» አለችኝ።

«በሁዳዴ ለውሻ ወተት? ጎረቤት ጉድ ይበለን?» ብዬ ተቆጣሁ። ወተቱ ለፋሲካ ቅቤ ይናጣል። እውነቱን ልንገራችሁና፣ ከቅቤው ይልቅ ያሳሰበኝ የጎረቤት አፍ ነበር። «ጾም ነው፤ እሷም ትጹም!» ብዬ ቀለድሁ። ለቀልዴም እኔው ሳቅሁለት።

በሦስተኛው ሳምንት አንድ ማለዳ መከታ ቡችሎቿን ጥላ በረቱን ትዞር ጀመር። እግሯ ተገትሯል፣ ሰውነቷ ይንቀጠቀጣል፣ አፏ አረፋ ይደፍቃል። የአገሬ ሰው ለዚህ የሚያውቀው ስም አንድ ብቻ ነው። «አብዳለች!» ብዬ ጮኽሁ። ጥሩዬ «ዘግተን እንያት» ብትል ማን ሰምቷት፤ ምንሽር ጠመንጃዬን አወረድሁ። ስጠራት እየተንገዳገደች መጣች፤ ጭራዋንም ቆላችልኝ። በአንድ ጥይት ጣልኋት።

ጎረቤቱ ሁሉ «እሰይ፣ መንደሩን አዳንኸው!» አለኝ። ጥሩዬ ግን ያንኑ የከለከልሁትን ወተት በጨርቅ እየነከረች ቡችሎቹን ማጥባት ያዘች። በዚህ ጊዜ አልተቆጣሁም።

ከፋሲካ በኋላ ከብት የሚከትብ የመንግሥት ሰው ንፋስ መውጫ ገበያ መጣ። በሬዎቼን አስከትቤ ሳበቃ ጀግንነቴን አወራሁለት። እሱ ግን ሳይደነቅ፣ «ታጠባ ነበር? ከወለደች ስንት ጊዜዋ ነው? ሰውስ ነክሳ ነበር?» አለኝ። ሁሉንም መለስሁለት።

«ሳላያት አልምልም» አለ። «ግን የምታጠባ ውሻ ወተቱ አቅሟን ሲጨርስባት እንዲያ ትንቀጠቀጣለች። እብደት አይደለም፤ መርፌ አለው። ቀድሞ ደህና ምግብ ቢሰጧት፣ ያን ለትም ቡችሎቹን አንሥተው፣ ዘግተውባት ቢልኩብን ኖሮ ትተርፍ ነበር ይሆናል።»

ያቺ «ይሆናል» ያላት ቃል እስከ ዛሬም አልተዋጠችልኝ።

ቢቸግረኝ ንስሐ አባቴ ዘንድ ሄጄ ተንበርክኬ ተናዘዝሁ። ስግደት ያዝዙኛል፣ ጾም ይጨምሩብኛል ብዬ ስጠብቅ፣ በመስቀላቸው ትከሻዬን መታ መታ አድርገው፣ «ልጄ፣ ለውሻ የተጻፈ ቀኖና የለም። በል ሂድ፣ በሰላም ግባ» ብለው አሰናበቱኝ።

ምነው መቶ ስግደት ባዘዙኝ! ሰግጄ እገላገል ነበር።